እኔ የሠራሁት ዲበገር፣ ሌንሳ የጻፈችው መልእክት

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ስለ እኔ የተነገረው ሁሉ ስለ ሌንሳ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «አቶ ታደለ በወለጋ ከተሞች ሁሉ የሚታወቀው የሌንሳ ዲበገር ሲሠራ ትልቅ ድጋፍ ያደረጉ አንጋፋ ባልደረባችን ናቸው» አሉ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ምን ላድርግ? ድጋፍ አሉ! ያንን ዲበገር ከመጀመሪያው መስመር አንሥቶ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሌንሳ በመሥሪያ ቤቱ በር ስትገባ እሱ ሥራ ላይ ነበር። እሷ ግን ከፊት ወንበር ተቀምጣ፣ ስሟ በተጠራ ቁጥር አንገቷን እየደፋች፣ ደግሞ ከሁሉም አስበልጣ ታጨበጭብልኛለች። የባሰው እሱ ነው። የተሰጠኝን ጋቢ ይዤ ቤቴ ገባሁና ወንበር ላይ ወርውሬው ተቀመጥኩ። ይህን መጻፍ የጀመርኩት በዚያው ሳምንት ነው።

የተወለድኩትና ያደግኩት ነቀምቴ ነው። አባትና እናቴ ዓባይን ተሻግረው ከጎጃም የመጡ ናቸው። ቤት ውስጥ የጎጃም አማርኛ፣ ደጅ ስንወጣ ኦሮምኛ ነበር። እናቴ በመጣች ሰሞን ገበያ ላይ ተራ ስትጋፋ አንድ ሽማግሌ «ዱባ! ዱባ!» ይሏታል። በኦሮምኛ «ወደ ኋላ» ማለታቸው ነው። እሷ ዱባ የሚገዙ መስሏት «ዱባስ የለኝም አባቴ፣ ሽንኩርት ነው የያዝኩ» ብላ ዘንቢሏን ከፍታ አሳየቻቸው። ይህ ታሪክ በቤታችን እስኪሰለች ተወርቷል። የምነግራችሁ ሥራም ከዚህ ብዙ አይርቅም። አንዱ ድምፅ ለአንዱ ሰሚ ሌላ ነው፣ ለሌላው ሌላ።

ከቴክኒክ ትምህርት ቤት እንደወጣሁ የተመደብኩት ጊምቢ፣ የሬዲዮ መገናኛ ጥገና ላይ ነው። አለቃዬ መፍቻውን ሁሉ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፈው፣ ቁልፉን ኪሳቸው ከትተው ለቅሶ የሚሄዱ ሰው ነበሩ። እሳቸው እስኪመለሱ አገር በሙሉ ሳይነጋገር ይቆያል። ከዚያ ደምቢ ዶሎ ተዛወርኩ። እዚያ ደግሞ አለቃም መፍቻም አልነበረም። ፕሮግራም መጻፍ የለመድኩት እዚያ ነው፤ ክረምቱ መንገዱን ሲዘጋው ከአንድ አሮጌ ኮምፒውተር ጋር ተፋጥጬ። ደሞዙ የደሞዝ ያህል ነበር፣ አበሉም ሲመጣ ይመጣል። በመጨረሻ ወደ ነቀምቴ ተመልሼ የከተሞችን የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ የሚጠግን ወርክሾፕ ገባሁ። በስሙ አልጠራውም። ዕድሜዬን የበላው እሱ ነው።

የወርክሾፑ ኃላፊ ኦቦ ነጋሳ ይባሉ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ብየዳ ሲበይዱ መዝሙር በአፍንጫቸው የሚያንጎራጉሩ ሰው ናቸው። አዲስ የመቆጣጠሪያ ቦርድ ሲመጣ ለማንም አይሰጡም። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ያነጥፋሉ፣ እጃቸውን ታጥበው ያደርቃሉ፣ ቦርዱን ጨርቁ ላይ ያኖሩና በማጉያ መነጽር ጎንበስ ብለው «መቃን ኬ ኤኙ?» ይሉታል። ስምህ ማን ነው? ማለታቸው ነው። ቺፑ ላይ ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አንብበው እስኪጨርሱ ድረስ ኤሌክትሪክ አያስነኩትም። ሌላው ልማዳቸው «ተበላሽቷል» የሚል ቃል አለመቀበል ነበር።

«ተበላሽቷል ወሬ ነው» ይላሉ። «ምን እያደረገ ነው? ምን ማድረግ ነበረበት? እሱን ንገረኝ።»

ስትነግራቸው ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። አዲስ ሰው ያንቀላፉ ይመስለዋል። ሲገልጡ ግን አንተ በችኮላ ያለፍካትን ነገር ነቅሰው ያወጧታል። ከሥራዬ ውስጥ ደህና የሚባል ነገር ካለ ከእሳቸው ያገኘሁት ነው። «ታዴ» ይሉኝ ነበር። ታዴ መባሌን እወደው ነበር፣ ሌንሳ እስክትመጣ ድረስ።

ዲበገር ምን እንደሆነ ላስረዳ። በፓምፑ መቆጣጠሪያ ሳጥን ውስጥ ትንሽ ኮምፒውተር አለች። የጉድጓዱን የውሃ ልክ እያየች ፓምፑን ታስነሣለች፣ ታቆማለች። ውስጧ ያለው ፕሮግራም ሲሳሳት ከውጭ የሚታይ ነገር የለም። ዲበገር ማለት በኬብል ከቦርዱ ጋር ተገናኝቶ፣ እየሠራ ያለውን ፕሮግራም አንድ ቦታ ላይ ቀጥ አድርጎ «አሁን በእጅህ ያለው ቁጥር ስንት ነው? ቀጥሎ ምን ልታደርግ ነው?» እያለ የሚመረምር ሌላ ፕሮግራም ነው። ለእኛ ቦርዶች የሚሆን ስላልነበረ እኔ ጻፍኩት። ዓመታት ፈጀብኝ። ሲያልቅ ግን ከጊምቢም ከቢላም ከኑኑ ቁምባም የሚደወለው ለእኔ ሆነ። ሌላ ሰው ስልኩን ካነሣ «ታደለ የለም እንዴ?» ይባላል። ያላንተ አይሆንልንም መባል ምን ያህል እንደሚጣፍጥ፣ ቀርቶበት ያየ ሰው ነው የሚያውቀው።

ሌንሳ የቢላ ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ፣ ሌላ ቦታ ጥቂት ሠርታ ነው የመጣችው። በመጀመሪያ ቀኗ ኦቦ ነጋሳ ቦርዱን ሲያናግሩ አየችና፣ ሳትስቅ፣ «መለሰልዎት?» አለቻቸው።

ቀና ብለው አዩአት። «ገና ነው። ዓይነ አፋር ነው» አሉ።

ያን ያህል ዘመን አብሬያቸው ስሠራ እንዲህ ተጫውተውኝ አያውቁም። ሳምንት ሳይሞላ «ኢንታላ ኮ» ይሏት ጀመር፤ ልጄ ማለት ነው። ማጉያ መነጽራቸውን ለሰው አያውሱም ነበር፣ አንድ ቀን ጠረጴዛዋ ላይ አየሁት። መስክ ስንወጣ የመኪናው የፊት ወንበር የእኔ ነበር። «ታዴ፣ ሌንሳን መኪና ያማታል፤ አንተ ከኋላ ሁንልን» አሉኝ። ከኋላ ሆኜ፣ እነሱ እየሳቁ ሲያወሩ የሁለቱን ማጅራት እያየሁ ቢላ ደረስኩ።

ቢላ የሄድነው ፓምፑ በማይሆን ሰዓት እየተነሣ ይቆማል ተብለን ነው። ዲበገሬን አገናኝቼ የውሃውን ልክ ሳይ ጭራሽ የማይሆን ቁጥር ሰጠኝ። ጉድጓዱ ከራሱ ጥልቀት በላይ ውሃ ይዟል ይላል። ልኩን የሚለካው ሴንሰር ነው ብዬ አስወጣሁት። ደህና ነው። ኬብሉን ለወጥኩ። ያው ነው። ቦኖው ጋ ሴቶች ጄሪካናቸውን ደርድረው፣ ነጠላቸውን በፀሐይዋ ላይ ጋርደው ያዩኛል። ሌንሳ በበኩሏ የሳጥኑን ክዳን ከፍታ፣ በዚያ ማጉያ መነጽር ጎንበስ ብላ ቆየች።

«ኦቦ ታደለ፣ ይሄ እኮ የድሮው ፕሮሰሰር አይደለም» አለች።

«ቦርዱ ያው ነው» አልኳት።

«ቦርዱስ ያው ነው። ቺፑ ነው ሌላ። ይሄኛው ቁጥሩን ከወዲያኛው ጫፍ ነው የሚጽፈው።»

ፕሮሰሰር የኮምፒውተሯ አንጎል የሆነው ቺፕ ነው፤ ሁሉም አንድ ቋንቋ አይናገርም። ትልቅ ቁጥር ሲያስቀምጡ አንዳንዶቹ ከትልቁ ክፍል ይጀምራሉ፣ አንዳንዶቹ ከትንሹ። አሥራ ሁለትን ሃያ አንድ ብሎ እንደማንበብ ማለት ነው። የእኔ ዲበገር የሚያገኘውን ቦርድ ሁሉ የድሮው ነው ብሎ ስለሚያምን ገልብጦ ያነብብልኝ ነበር። ሌንሳ ቁጥሩን አዙራ አነበበችው፣ ትክክለኛው የውሃ ልክ ሆነ። ጥፋቱም ሴንሰሩ ዘንድ ሳይሆን አንዲት የላላች ሽቦ ላይ ተገኘ። ኦቦ ነጋሳ ይህን ሁሉ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ቆይተው ሲገልጡ እሷን አዩ። ወደ እኔ አልዞሩም። በመልስ ጉዞም የኋላው ወንበር የእኔ ነበር። ቢወቅሱኝ ይሻለኝ ነበር።

ለካ አምራቹ ቺፑን የለወጠው ለእኛ ሳይነግር ነው። ሳጥኑም፣ ቀለሙም፣ መሰኪያውም አንድ ዓይነት ነው። በግምጃ ቤት ያሉትን ለየን፤ በየከተማው ቀድሞ የተገጠመውን ግን ገና ልንዞር ስንሰናዳ የኑኑ ቁምባው ነገር ደረሰ።

እዚያ ያለው ቴክኒሻን ፈይሳ ይባላል። ጭምት፣ እጁ የረጋ ሰው ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ደወለልኝ።

«አካም ጅርቱ ኦቦ ታደለ? ፓምፑ ዘግይቶ ነው የሚቆመው። ዲበገሩን አገናኝቻለሁ። ማቆሚያ ልጣልበት?»

«ሳጥኑ የትኛው ነው?»

«የድሮው ነው።»

ከውጭ ሲታይ የድሮው ነበር። ክዳኑን ከፍተህ ቺፑን አንብብ ማለት ነበረብኝ፤ «ጣልበት» አልኩት።

ማቆሚያ መጣል ማለት እንዲህ ነው። ዲበገሩ ፕሮግራሙ ውስጥ በመረጥካት ቦታ ያለችውን ትእዛዝ ያነሣና በምትኳ «ቁም» የምትል ቁጥር ያስቀምጣል። ፕሮሰሰሩ እዚያ ሲደርስ ይቆማል። ለድሮው ፕሮሰሰር «ቁም» የነበረችው ቁጥር ግን ለአዲሱ ሌላ ትእዛዝ ነበረች። አልቆመም። ውሃ ማለቁን የሚያይበትን ቦታ ዘልሎ አለፈ። ፓምፑ ውሃው በሸሸበት ጉድጓድ ውስጥ መዞሩን ቀጠለ። «ኦቦ ታደለ፣ እምቢ አለኝ፣ እምቢ አለኝ» ሲል ሰማሁት። ከዚያ ስልኩን ጥሎ ዋናውን ማብሪያ ሊያጠፋ ሮጠ። እሱ እስኪደርስ ሞተሩ ከጉድጓዱ ሥር ተቃጥሎ ነበር።

በጋ ነበር። ሌላ ሞተር እስኪገኝ በጋው አለቀ። ሴቶቹ ወንዝ ወረዱ፤ የሚወርዱበት ወንዝ ደግሞ የሚጠጣ አልነበረም። ጤና ጣቢያው በአህያ ውሃ አስቀዳ። በተቅማጥ የተያዙ ሕፃናት እናቶቻቸው ጀርባ ላይ ሆነው ሲመጡ ፈይሳ ከጤና ጣቢያው ፊት ለፊት ካለው ቤቱ ያያቸዋል። ከሰው ጋር መነጋገር ተወ። ከሥራ ይባረር የሚሉ አለቆች ነበሩ። ኦቦ ነጋሳ «እሱ የሚወጣ ከሆነ መጀመሪያ እኔ እወጣለሁ» ብለው አስጣሉት።

የከተማው ሰው ስብሰባ ጠራን። ኦቦ ነጋሳ፣ ሌንሳና እኔ ሄድን። አንዲት አሮጊት ተነሥተው «ምንድን ነው ያቃጠለብን? በሚገባን ንገሩን» አሉ። መሣሪያው የእኔ ስለሆነ ተነሣሁ። በኦሮምኛ ስለ ፕሮሰሰር፣ ስለ አምራቹ፣ ስለ ቁጥሮቹ አስረዳሁ። የተናገርኩት ሁሉ እውነት ነው። ግን በተናገርኩ ቁጥር የሰዎቹ ፊት እየጠቆረ ሄደ። ሌንሳ ከጎኔ ተነሣች።

«ያቃጠለው እኛ የሠራነው መሣሪያ ነው» አለች። «ፈይሳ የታዘዘውን ነው ያደረገው። ሞተሩ እስኪመጣ ውሃ በቦቴ ይመጣል። ካልመጣ የምትይዙኝ እኔን ነው፤ የትም አልሄድም፣ እዚሁ ነኝ።»

አሮጊቷ ቁጭ አሉ። «ገለቶሚ» አሉ፤ አመሰገኗት ማለት ነው። ለተቃጠለ ሞተር ምስጋና! እውነትም ቀረች። ቦቴው ሲመጣ ተራ እያስያዘች፣ ሲዘገይ በስልክ እየጮኸች እዚያው ከረመች። እኔ ነቀምቴ ተመለስኩ። መንገዱን ሙሉ የከነከነኝ ሞተሩ ብቻ አልነበረም። «እኛ የሠራነው» አለች። እኔ ነኝ የሠራሁት። ጥፋት የሚቀናበት ነገር ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር፤ እሷ ስትሸከመው ሳይ ቀናሁ።

ስትመለስ ኦቦ ነጋሳ ሁለታችንንም አስቀመጡን። «ዲበገሩ ስሙን ሳይጠይቅ ማንንም እንዳይነካ እፈልጋለሁ» አሉ። «አሠራሩን እያንዳንዳችሁ አስባችሁ አምጡልኝ።»

መለየቱ ከባድ አይደለም። ቦርዱ ሲጠየቅ የፕሮሰሰሩን መለያ ይናገራል። የፕሮግራሙ ፋይልም አናቱ ላይ ለየትኛው ፕሮሰሰር እንደተዘጋጀ የሚናገር ምልክት አለው። ሁለቱን ማስተያየት ነው። ጥያቄው ሁለቱ ካልተመሳሰሉ ምን ይደረግ የሚለው ነው። እኔ የሠራሁት አጭርና ጥብቅ ነበር። «የማይታወቅ ፕሮሰሰር። ዲበገሩ ይዘጋል።» ይልና ይዘጋል። ከኑኑ ቁምባ በኋላ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ማንም ምንም እንዳያቃጥል ቁልፍ ነው።

ኦቦ ነጋሳ አዩት። «ጥሩ ነው። አይጎዳም» አሉ።

ከዚያ ሌንሳ የሷን አሳየች። እንዲህ ይላል፣ በኦሮምኛም በአማርኛም፦ «ይህ ቦርድ እኔ የማውቀው ዓይነት ፕሮሰሰር የለውም። ሥራውን እንዲቀጥል ትቼዋለሁ። በውስጡ ያለውን ላነብልዎ እችላለሁ፤ ላቆመውና ልለውጠው ግን አልችልም። ማቆም ካስፈለገ ለዚህ ዓይነቱ የተዘጋጀው ዲበገር ሌላ ነው፤ ልክፈትልዎ?» አይዘጋም። ማቆሚያ የሚጣልበትን ቁልፍ ያደበዝዘዋል፤ ቢጫኑትም አይሠራም። ቁጥሮቹን ግን ራሱ በትክክለኛው አቅጣጫ አዙሮ ያሳያል፤ እርግጠኛ ያልሆነበትን ቁጥር ደግሞ «ይህን አላምነውም» ይለዋል።

«ይሄ ብዙ ያወራል» አልኩ። «በር ወይ ይከፈታል ወይ ይዘጋል።»

«ኦቦ ታደለ» አለች ሌንሳ፤ «ፈይሳ ያለበት አገር በሩ ቢዘጋበት ማን ይመጣለታል? ቦኖው ጋ ሰው ተሰልፎ እያየው ተዘጋብኝ ብሎ ቤቱ ይገባል? ሳጥኑን ገንጥሎ በእጁ ነው የሚገባበት። የሚያየው ነገር ካገኘ ግን ይረጋጋል።»

ኦቦ ነጋሳ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። «ይሄስ ሰው ነው እኮ የሚያናግረኝ» አሉ ሳይገልጡ። በዚያው የሷ እንዲሆን ተቆረጠ።

የሚያናድደው ልክ መሆኗን ወዲያው ማወቄ ነው። የማላውቅ ብሆን ኖሮ ንቄያት እተኛ ነበር። ሥራውን አብረን ጨረስነው። በየፕሮሰሰሩ ውስጥ ገብቶ ሳያስቆም የሚያነበው ክፍል፣ ከሁሉ የሚከብደው፣ የእኔ ነው። ወራት ፈጅቶብኛል፤ ዛሬም የሚያምር ሥራ ነው። ግን ከሥር ነው። ሰው የሚያየው ከላይ ያለውን መልእክት ነው። ቴክኒሻኖቹ ስልክ ሲደውሉ «'አላምነውም' አለኝ እኮ!» እያሉ ይስቁ ነበር። አንድ ዓመት ሳይሞላ ስሙ «የሌንሳ ዲበገር» ሆኖ ቀረ። ማንም ስም አላወጣለትም፣ ዝም ብሎ ሆነ።

ኦቦ ነጋሳ ጡረታ ወጡ። ቆይቶ ፈይሳ ወደ ሰሜን፣ ወደ ኪራሙ ተዛወረ። ኪራሙ ታላቅ እህቴ እትዬ አስካለ ገበሬ አግብታ የምትኖርበት አገር ነው። ከዚያ አገሩ ተበላሸ። መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩ ተቋረጠ። ከየገጠሩ የሸሸ ሰው ከተማዋ ውስጥ ተጠጋግቶ፣ በየትምህርት ቤቱ ተኝቶ፣ ያለችው ውሃ የአንድ ጉድጓድ ውሃ እንደሆነች ከሚመጣ ሰው እንሰማለን። እህቴ ትኑር አትኑር አላውቅም። ቀን ቀን ሥራ ቦታ ስልኬን እያየሁ እቀመጣለሁ። ሌንሳ በአጠገቤ ስታልፍ ዳቦ ገዝታ ጠረጴዛዬ ላይ ታስቀምጣለች።

ስልኩ ሲከፈት መጀመሪያ የደወለችው እትዬ አስካለ ናት።

«ወንድምዓለም!» አለች። ባሏ ሞቷል። ልጆቿ ተርፈዋል። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፤ «እጅህ ይባረክ። ፓምፑ ቆሞብን ልናልቅ ነበር። ያ ፈይሳ የሚሉት ልጅ 'ነቀምቴ የሠሩት መሣሪያ አለኝ' ብሎ በመሣሪያው አይቶ አስነሣልን። ያንተ መሣሪያ እንደሆነ ለሰው ሁሉ ነገርኩ።»

የሆነውን በኋላ ከፈይሳ ሰማሁት። የፓምፑ ቦርድ በሁከቱ መሐል ተበላሽቶ፣ ከሌላ ቦታ የመጣ አንድ የማይታወቅ ቦርድ ተገጥሞ ነበር። ፓምፑን አላስነሣም አለ። ፈይሳ የሚደውልለት ሰው የለም፣ መኪና የለም፤ ሕዝቡ ጄሪካን ይዞ ከቦታው አልነቃነቅም ብሏል። ኬብሉን ሁለቴ አንሥቶ ሁለቴ እንዳስቀመጠው፣ በሦስተኛው እንደሰካው ነገረኝ፤ ኑኑ ቁምባ ትዝ ብሎት። ያኔ መልእክቱ ወጣ። ሥራውን እንዲቀጥል ትቼዋለሁ። ላነብልዎ እችላለሁ። «ኦቦ ታደለ፣ እሱን ሳነብ እጄ ረጋ» አለኝ። ቁጥሮቹን አየ። የውሃው ልክ ዜሮ ነው ይላል፣ አጠገቡም «ይህን አላምነውም» የሚል ጽሑፍ አለ። ቦርዱ ጉድጓዱ ደርቋል ብሎ ስላመነ ነው ፓምፑን የማያስነሣው። ፈይሳ የሴንሰሩን ሽቦ ተከትሎ ሄዶ የተቆረጠበትን ቦታ አገኘው። ቀጠለው። ውሃው መጣ።

በእኔ አሠራር ቢሆን ኖሮ «የማይታወቅ ፕሮሰሰር» ብሎ ይዘጋበት ነበር። እህቴ ያን ጊዜ ከሰልፉ ውስጥ ቆማለች።

እህቴ የደወለች ዕለት እዚያው ስልኩ ላይ ሆኜ «እትዬ አስካለ፣ የእኔ አይደለም» አልኳት። «ሌንሳ የምትባል ልጅ ሥራ ነው።»

«ሌንሳ ማናት?»

«አብራኝ የምትሠራ ናት።»

«እግዜር ይስጥሽ ብላሻለች በላት። ዛሬውኑ በላት።»

ሌንሳ በመስኮቱ በኩል ትታየኛለች፤ የእህቴ ድምፅ ጆሮዬ ላይ እንዳለ ተነሥቼ ሄድኩ። «እህቴ እግዜር ይስጥሽ ብላሻለች» አልኳት። «በሕይወት አሉ?» ብላ ብድግ አለችና፣ መልሴን ሳትጠብቅ ፊቷን በእጇ ሸፍና አለቀሰች። እኔ ከፊቷ ቆሜ ሁለት ነገር ተሰማኝ። እህቴ ተርፋለች፤ ያተረፋት ደግሞ እኔ አይደለሁም። ሁለቱም እኩል ልቤን ያዙት።

ኦቦ ነጋሳ ያንኑ ዓመት ታመሙ። ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር ሌንሳ ቀድማኝ ተገኝታለች። ትራስ ታስተካክላለች፣ መድኃኒት ታቀርባለች። ብቻቸውን አግኝቼ ማውራት እፈልግ ነበር፤ ምን እንደምላቸው ግን አላውቅም። ሲሞቱ ቤተሰቡ በቀብሩ ላይ የሥራ ባልደረባ ወክላ እንድትናገር የጠየቀው እሷን ነው። አሳምራ ተናገረች። እኔ ከሕዝቡ ኋላ ቆሜ አለቀስኩ፤ ግማሹ ለእሳቸው ነበር።

እትዬ አስካለ ከዚያ ወዲህ ልጆቿን ይዛ ነቀምቴ መጥታ እኔ ጋ ነው የምትኖረው። ሌንሳ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያኗ ስትመለስ ጎራ ትላለች፤ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንኳ አልቀረችም። የምትመጣው እኔን ብላ አይደለም። የእህቴ ኦሮምኛ የገበያ ኦሮምኛ ነው፣ የሌንሳ አማርኛ የቢላ አማርኛ ነው፤ ሁለቱን ቀላቅለው ሲያወሩ ሳቃቸው ከደጅ ይሰማል። ባለፈው እሑድ ሌንሳ ተሰናብታ እንደወጣች እትዬ አስካለ ወደ እኔ ዞረች።

«ታደለ፣ ይች ልጅ ስትመጣ ፊትህ ለምን ይከብዳል? ምን አድርጋህ ነው?»

«ምንም።»

«እኮ ምን ሆነህ ነው? ቤታችን ስትገባ አንት ግድግዳ ግድግዳ ነው የምታይ።»

«እቀናባታለሁ» አልኩ። በአፌ ስለው የመጀመሪያዬ ነበር። «ሥራዬን በስሟ ይጠሩታል። ኦቦ ነጋሳ ልጄ ይሏት ነበር። አንቺም ከእኔ ይልቅ እሷን ትመርቂያለሽ። ምን ልበልሽ? እቀናባታለሁ።»

እህቴ ከጀርባዬ በሩን ታያለች። ዞርኩ። ሌንሳ ዣንጥላዋን ረስታ ተመልሳ ደፉ ላይ ቆማለች።

«አውቃለሁ ኦቦ ታደለ» አለች። አልተቆጣችም።

«ማን ነገረሽ?»

«ኦቦ ነጋሳ ናቸው። እንደ ተቀጠርኩ ሰሞን ኦቦ ታደለ ጠልተውኛል ብዬ አልቅሼባቸው ነበር። 'አልጠላሽም፤ ቀንቶብሽ ነው' አሉኝ። 'የሠራሽውን ሁሉ ታዴ ፊት አስቀምጪው። ካልቀና መልሰሽ ሥሪው። ታዴ በማይረባ ነገር አይቀናም' አሉኝ።» ዣንጥላዋን ከወንበሩ ላይ አነሣች። «እስከ ዛሬ ድረስ ሥራዬን ደህና ነው አይደለም የምለው የእርስዎን ፊት አይቼ ነው።»

ወጣች። እትዬ አስካለ እየሳቀች ወደ ጓዳ ገባች። እኔ በተቀመጥኩበት ቀረሁ። ታዴ በማይረባ ነገር አይቀናም። ከእሳቸው አፍ ስለ እኔ ከዚህ የበለጠ ቃል ወጥቶ አያውቅም፤ ደስታው ፊቴን ሲያሞቀው ተሰማኝ። ቀጥሎ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ይህን ያህል ዘመን አብሬያቸው ስኖር አንድ ቀን እንኳ ለእኔ አልነገሩኝም። የነገሩት ለእሷ ነው።

ቀናሁ።